ያልተጫረው ሲዲ

ሚሊኒየሙ ከተከበረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል የሆነ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ አልፎታል፤ ግን ባለቤቴ ከድር መኪናውን አስነስቶ ከሮቤ በወጣ ቁጥር ትዝ ይለኛል። የሰማው ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔም ማውራት ስጀምር እስቃለሁ፤ መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን አልስቅም።

ከድር የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ከሮቤ ስንዴ ጭኖ ሻሸመኔ ያራግፋል፤ ሲመለስ የሱቅ ዕቃ ይጭናል። እኔ ደግሞ ግቢያችን በር ላይ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ስኳር፣ ሳሙና፣ የሞባይል ካርድ፣ የመሳሰለውን እሸጣለሁ። በዚያ ዓመት በበልጉ ዝናብ፣ ዲንሾ አካባቢ መንገዱን ጉም ውጦት ሳለ መኪናው ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ ገባ። ረዳቱ ምንም አልሆነም፤ የከድር ቀኝ እግር ግን ከጉልበቱ በታች ተሰበረ። ጎባ ሆስፒታል ታከመና እግሩ በጀሶ ታስሮ ወደ ቤት መጣ።

ቤታችን በጠያቂ ተሞላ። ወተት የሚያመጣው፣ የሪራ ማር የሚያመጣው፣ ቁጭ ብሎ ዱዓ የሚያደርገው ብዙ ነበር። አላህ ይስጣቸው፣ ክፉ ቀን ላይ ሰው አላጣንም። ችግሩ እያንዳንዱ ጠያቂ አደጋውን ከመጀመሪያው እንዲተርክለት ይፈልጋል፤ ከድር ተርኮ ሲጨርስ ደግሞ ጠያቂው በተራው እግሩ ተሰብሮ ስለተቆረጠ ዘመዱ ያወራል። ሮቤ ውስጥ እግሩ የተቆረጠ ዘመድ የሌለው ሰው የለም ወይ እስክል ድረስ ሰማሁ። ከድር እየሳቀ ይሸኛቸውና በሩ ሲዘጋ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

ይህን ያየው ታናሽ ወንድሙ ናስር አንድ ቀን ከጎባ በካርቶን ዕቃ ይዞ መጣ። ናስር ጎባ ውስጥ ጌም ቤት ነበረው። መብራት እየሄደ ሥራው አላዋጣ ሲለው ዘግቶት ነበር። ካርቶኑ ውስጥ የጌም ማጫወቻ፣ ሁለት ጆይስቲክና አንዲት ሲዲ ነበሩ። ሲዲዋ የምናውቀው እግር ኳስ አልነበረችም፤ የአሜሪካኖቹ ነበረች፣ ቆብ አጥልቀው በእጃቸው ኳስ እየያዙ የሚላተሙት። የእግር ኳሶቹ ሲዲዎች በተጫዋች ብዛት ተጫጭረው አልቀዋል። ይቺ ግን ማንም ስላልፈለጋት አንድ ጭረት እንኳ አልነበረባትም።

ሕጉን የሚያስረዳን ሰው አልነበረም። ናስርም እንደኛው ነው። እየተሳሳትን፣ ኳሱን ወደ ራሳችን መስመር ይዘን እየሮጥን፣ ቀስ በቀስ ገባን። አንዱ ወገን አራት ሙከራ አለው፤ በአራቱ የተወሰነ ርቀት ካልሄደ ኳሱን ለሌላው ይሰጣል። ኳሱን ይዞ መሮጥም፣ ከኋላ ቆሞ ለሚሮጥ ጓደኛ መወርወርም ይቻላል። የመጨረሻውን መስመር ያለፈ ነጥብ ያገኛል። ዋናው ይኸው ነው።

አብረውን የሚኖሩት የከድር እናት፣ አዮ ሸምሲያ፣ መጀመሪያ ጨዋታውን አልወደዱትም። ሰው እየተጋጨ መውደቁ ደስ አላላቸውም። በኋላ ግን አንድ ነገር አዩ። ተጫዋቾቹ ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት ክብ ሠርተው አንገታቸውን ይደፋሉ። አዮ ወዲያው ሁለት እጃቸውን ዘረጉና "አሚን" አሉ። ዱዓ የሚያደርጉ መስሏቸው ነው። ከድር እየተማከሩ እንደሆነ በኦሮምኛም በአማርኛም አስረዳቸው። አዮ አልተቀበሉትም።

"ይማከሩ፣ እኔ ምን ቸገረኝ" አሉ። "ሲወድቁ እያየሁ አሚን ሳልል አልቀመጥም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተጫዋቾቹ ክብ በሠሩ ቁጥር አዮ "አሚን" ይላሉ። ለከድርም ቡድን፣ ለእኔም ቡድን። ሊጠይቁ የመጡ ሰዎችም ነገሩ ሳይገባቸው አብረው "አሚን" ማለት ጀመሩ። እግሩ የተቆረጠው ዘመድ ወሬ በዚሁ ቀረ።

ሐምሌ ላይ ጀሶው ተፈታ። ሐኪሙ አጥንቱ በደንብ ገጥሟል፣ አሁን በክራንች መራመድ መጀመር አለበት፣ ከቆየ ጉልበቱ ይደርቃል አለን። ቤት እንደገባን ከድር ክራንቹን ይዞ ወደ ግቢ ወጣ። እኔ ከጎኑ ነኝ። ወደ ግራ ሲል ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲል ወደ ቀኝ እላለሁ፤ ብብቱ ሥር ገብቼ ጥብቅ አድርጌ ይዤዋለሁ። ክራንቹን የሚያሳርፍበት ቦታ እንኳ አልተውኩለትም። የውሃው በርሜል አጠገብ፣ መሬቱ ሁሌም ጭቃ የሆነበት ቦታ ላይ ስንደርስ ተጠላለፍንና ሁለታችንም ወደቅን። እኔ ከታች፣ እሱ ከላይ። አጥንቱ ምንም አልሆነም። ግን ከሥሩ ሆኜ ፊቱን አይቼዋለሁ። ከድርን ፈርቶ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ እምቢ አለ። በግልጽ እምቢ አይልም፣ "ነገ" ነው የሚለው። ነገ ሲመጣ ዝናብ ነው፣ ብርድ ነው፣ እንግዳ አለ። ሶላቱን ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሰግዳል። ክራንቹ በር ጥግ ቆሞ የአዮ ሻሽ መስቀያ ሆነ። የመኪናው ባለቤት ሊጠይቀው መጥቶ እስከ ዘመን መለወጫ እጠብቅሃለሁ፣ ከዚያ ካለፈ ግን ለሌላ ሾፌር መስጠቴ ነው ብሎት ሄደ። ከድር "ልክ ነህ" አለው። ቀድሞ በየቀኑ መኪናው የት ደረሰ፣ ጎማው ተቀየረ ወይ እያለ ይጠይቅ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ መኪና ማውራት አቆመ። ይህ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

እሱ የሚሠራው ጌም መጫወት ብቻ ሆነ። አጨዋወቱም የራሱ ነበር። ኳስ ይዞ መሮጥ አይወድም፤ ሁሌ ይወረውራል። ወርዋሪው ከኋላ ቆሞ፣ ሌሎቹ እየሮጡለት። አንድ ቀን ለምን አንዴ እንኳ በእግር አትሞክርም ብዬ ጠየቅኩት። ጥያቄው ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። ሻይ ላፍላ ብዬ ተነሳሁ።

ሲወረውር ደግሞ ማንም አያቆመውም ነበር። በተለይ አንድ ረጅም ተጫዋች አለው፣ ናስር "ግመሉ" ብሎ ስም አወጣለት። እኔ ከግመሉ ላይ ዓይኔን አልነቅልም። ተከላካዮቼም አንድ አንድ ሰው ተከፋፍለው እንዲከተሉ ነበር የማዛቸው፤ አንድ ለአንድ። ከድር ይህን ያውቃል። ሁለት ሯጮቹን በመሐል ያሯሩጣቸውና ያጠላልፋቸዋል፣ የእኔዎቹ እነሱን ተከትለው እርስ በርስ ይጋጫሉ። ግመሉ በዚያ ሲሄድ እኔ በዚያ እሄዳለሁ፤ መሐሉ ባዶ ይሆናል፤ ኳሱ እዚያ ይወድቃል። ነጥብ። ናስር ይጮሃል፣ አዮ አሚን ይላሉ፣ እኔ እናደዳለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስለዚህ ነገር ሳስብ አጋርፋ የተደረገው የአክስቴ ልጅ ሠርግ ትዝ አለኝ። ዳሱ ውስጥ እንግዳ እናስተናግድ ነበር። መጀመሪያ እያንዳንዷ ልጅ የምታውቀውን ሰው እየተከተለች ታቀርባለች። አንዱ ሦስቴ ሲበላ ሌላው ጾሙን ተቀምጧል፤ እኛም ትሪ እንደያዝን እንጋጫለን። አክስቴ ይህን አይታ ዳሱን ከፋፍላ ሰጠችን። ለእኔ በሩ አጠገብ ያለው ማዕዘን ደረሰኝ። እንግዳው ቢነሳ፣ ቦታ ቢቀያይር አልከተለውም፤ ማዕዘኔ ውስጥ የገባ ሁሉ የእኔ ነው፣ የወጣው የሌላዋ ነው። ሠርጉ ሲያልቅ ያልበላ ሰው አልነበረም።

ማታ ጨዋታ ስንጀምር የመከላከያ ምርጫዎቹን አንድ በአንድ አየሁ። ከዚህ በፊት የማልነካቸው ሥዕሎች ነበሩ፤ ከሰው ወደ ሰው የሚሄድ መስመር የላቸውም፣ ሜዳው ላይ ክብ ክብ ብቻ ነው የተሳለባቸው። አንዱን መረጥኩ። አራቱ ወደ ወርዋሪው ሄዱ፣ ሰባቱ ወደ ኋላ ብለው በየቦታቸው ቆሙ። ማንንም አይከተሉም። ወደ ክቧ የመጣውን ብቻ ይይዛሉ።

መጀመሪያ ሞኝነት መሰለኝ። ከድር አጭር አጭሩን እየወረወረ አላገጠብኝ። ቆይቼ ሳየው ግን አንድ ነገር ገባኝ። ሰው የሚያሳድድ ተከላካይ ጀርባውን ለኳሱ ይሰጣል። ቦታውን የያዘው ግን ፊቱ ወደ ኳሱ ነው፤ ከወርዋሪው እጅ ሲወጣ ያየዋል። አጭሩን ይወርውር፣ የተቀበለውን እዚያው መጣል ነው። ረጅሙ ብቻ ከኋላዬ እንዳያልፍ። ያን ማታ ተሸነፍኩ፣ ግን ለጥቂት ነው የተሸነፍኩት። በነጋታውም እንዲሁ። ከድር የሁለት ተከላካዮቼ ክብ የሚገናኝበትን ቀዳዳ እየፈለገ ይወረውርበታል። እኔም ከኋላ መሐል ያለውን ሰውዬ ራሴ እየነዳሁ ቀዳዳውን መድፈን ተማርኩ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ሐሙስ ቀን፣ ናስርም አዮም ባሉበት ተናገርኩ።

"ከድር፣ ዛሬ ካሸነፍኩህ ነገ ለጁምዓ በእግርህ መስጊድ ትሄዳለህ።"

ሳቀ። እኔ ካሸነፍኩስ፣ ሩቅያ፣ አለኝ። ካሸነፍክ ስለ እግርህ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም አልኩት። አዮ ተቆጡ፤ ውርርድ ሐራም ነው፣ በእኔ ቤት አይሆንም አሉ። ውርርድ አይደለም አዮ፣ ቃል መገባባት ነው አልኳቸው። አዮ ልጃቸውን አዩት፣ ክራንቹ ላይ የተሰቀለውን ሻሻቸውን አዩ።

"ቃል ከሆነ ይሁን" አሉ። "ያ ረቢ፣ አንተ ታውቃለህ።"

ከድር መሳቁን አቆመ። "እሺ" አለ። ነገሩ ጨዋታ አለመሆኑ ገብቶታል።

የዚያን ቀን ጨዋታ ሁሉንም አልተርከውም። ሊያልቅ ሲል እኔ በጥቂት ነጥብ እመራ ነበር፤ ኳሱ ግን እሱ ጋ ነው። ከራሱ መስመር አጠገብ ጀመረ። አጭር ወረወረ፣ ለቀቅኩለት፣ የተቀበለውን ጣልኩ። እንደገና አጭር። እንደገና ጣልኩ። እንዲህ እያለ ሜዳውን አጋመሰ፣ ከዚያም ወደ መስመሬ ተጠጋ። ለአንድ ሙከራ የምትበቃ ሰዓት ቀረች። መብራት እንዳይሄድ ብቻ እየለመንኩ ነበር። ተጫዋቾቹ ክብ ሠሩ። አዮ እጃቸውን ዘረጉ፣ ድምፃቸው ግን ቶሎ አልወጣም። በመጨረሻ በቀስታ "አሚን" አሉ። ለማን እንዳሉ ያን ጊዜ ያወቅኩ ይመስለኛል።

ኳሱ ተነሳ። ግመሉ ወደ ግራ ጥግ በረረ። አውራ ጣቴ ሊከተለው ፈለገ፤ እውነቴን ነው፣ ጣቴን አመመኝ። ከድርም የጠበቀው ይህንኑ ነው። ሩቅያ ግመሉን ትከተላለች፣ መሐሉ ባዶ ይሆናል ብሎ ነው። አልተከተልኩም። ሰውዬዬን መሐል ላይ እንዳለ አቆምኩት። ከድር ሳያይ ወረወረ። ኳሱ መሐል ላይ እየተሽከረከረ መጣና ቀጥ ብሎ የእኔ ሰውዬ እጅ ገባ።

ሰዓቱ አለቀ፤ አሸነፍኩ። ናስር እንኳ አልጮኸም። ከድር ጆይስቲኩን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ። ድጋሚ እንጫወት አለ። አይሆንም አልኩት። የመብራት ችግር ነው፣ ቁልፉ ተይዞብኝ ነው አለ። ማጫወቻውን አጠፋሁ። ራቱን ሳይጨርስ ተኛ። እኔም አጠገቡ ተኝቼ ጣሪያ ሳይ አመሸሁ፤ ምን አደረግኩ፣ ነገ ቢወድቅስ እያልኩ።

በነጋታው ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ከድር ገላውን ታጠበ፣ ነጭ ጀለቢያውን ለበሰ፣ ኮፍያውን አደረገ። ከዚያ አዮን ሻሽዎትን ያንሱልኝ አላቸው። አዮ ሻሻቸውን አንስተው አንገታቸው ላይ ጠመጠሙት። ከድር ክራንቹን ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

ተነስቼ ብብቱ ሥር ልገባ ነበር። አንድ እርምጃ ሄጄ ቆምኩ። ከዚያ በአጠገቡ አልፌ የግቢውን በር ከፈትኩና እዚያው ደፉ ላይ ቆምኩ። ናስርን በዓይኔ ጠቀስኩት፤ ልጁ ገባው መሰል፣ የውሃው በርሜል አጠገብ ሄዶ ጭቃው ዳር ቆመ። አዮ ከቤቱ በር አልተንቀሳቀሱም። ማንም ማንንም አልተከተለም። እያንዳንዳችን ቦታችንን ይዘን ቆምን።

ከድር ወረደ። ክራንቹን አስቀደመ፣ እግሩን አስከተለ። ከኋላው አዮ "ሱታ፣ ሱታ ያ ኢልማ ኮ" ይላሉ፤ ቀስ፣ ቀስ በል ልጄ ማለታቸው ነው። በርሜሉ ጋ ሲደርስ፣ የወደቅንበት ቦታ ላይ፣ ቆመ። እግሩ ሲንቀጠቀጥ ከሩቅ ይታየኛል። ናስር እጁን አዘጋጅቷል፣ ግን አልነካውም። እኔ የበሩን ብረት ጨብጬ ነበር፤ በኋላ ሳየው መዳፌ ላይ ዝገት ታትሟል። ሄጄ ልይዘው ምን ያህል እንደፈለግኩ አላህ ነው የሚያውቀው። ቦታዬን አልለቀቅኩም።

ከድር ክራንቹን ከጭቃው አለፍ አድርጎ ተከለ። ዘለለ ማለት ይቻላል። ከዚያ አንድ፣ ከዚያ ሌላ፣ እያለ መጣ። ፊቴ ሲደርስ ላቡ ይንጠባጠብ ነበር። ትንፋሹ እስኪመለስ ቆሞ አየኝ።

"ዛሬ አልተከተልሽኝም" አለኝ።

ከቤቱ በር ላይ የአዮ ድምፅ "አሚን" ሲል ሰማሁ። በዚያ ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው።

መስጊዱ ከቤታችን አንድ መታጠፊያ ነው። ከድር ናስርን ከጎኑ ሳይሆን ከኋላው አስከትሎ ሄደ። ሱቄን ከፍቼ ተቀመጥኩ፤ ማን ምን እንደገዛ አላስታውስም። ሰግዶ ሲመለስ የሰፈሩ ሰው ግማሹ አብሮት ነበር፣ እሱ ግን ከፊት ነው የሚራመደው። ዘመን መለወጫ ሳይደርስ ለመኪናው ባለቤት ደወለ። መንዳት የጀመረው ከዚያ ዘግይቶ፣ ጉልበቱ በደንብ ሲጠና ነው፤ ሰውየው ግን ጠበቀው።

ከአደጋው በፊት ከድር መንገድ ሲወጣ የምደውልለት ብዛት ለራሴም ያሳፍረኝ ነበር። ዲንሾ ላይ እደውላለሁ፣ አዳባ ላይ እደውላለሁ፣ ዶዶላ ላይ እደውላለሁ። እሱ እየነዳ በአንድ እጁ ያነሳል። አሁን አልደውልም። ጉም በሆነ ቀን እጄ ወደ ስልኩ ይሄዳል፣ እመልሰዋለሁ። ጭንቀቴ አልቀነሰም፤ ቦታ ነው የያዘው። የምወደውን ሰው እየተከተልኩ እንደማልይዘው፣ ሲመጣ የሚያገኘኝ ቦታ ላይ መገኘት እንደሚሻል ከዚያች ማንም ካልፈለጋት ሲዲ ተማርኩ ብል ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅብኝ።

ማጫወቻው ከተበላሸ ቆየ። ሲዲዋ ግን ሱቄ መደርደሪያ ላይ፣ ሻማው አጠገብ አለች። አንድ ጭረት የለባትም።

አዮ ሸምሲያ ካረፉ ዓመታት አለፉ፤ አላህ ይማራቸው። ከድር ሻሸመኔ ሲገባ ራሱ ይደውልልኛል። "ደረስኩ" ይለኛል። እኔም ሱቅ ውስጥ ሰው ቢኖርም ባይኖርም ድምፄን አውጥቼ "አሚን" እለዋለሁ።